እንዴት ይሠራል? ጉሮሮ የማይቆጣው ኒኮቲን

ጆሃንስበርግ ጄፒ ላይ፣ ብርድ ልብስና ጫማ በጅምላ ከሚሸጡት ሱቆች መሀል፣ የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ጁስ የተደረደረበት መደርደሪያ ማግኘት አያስቸግርም። ከመደርደሪያው ሁለት ጠርሙስ እናውርድ። አንደኛው 60 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ጎኑ ላይ 3 ሚሊ ግራም ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው የዚያ ግማሽ ነው፣ 30 ሚሊ ሊትር፤ የተጻፈበት ግን 50 ሚሊ ግራም ነው። ቁጥሩ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ኒኮቲን እንዳለ ስለሆነ የሚናገረው፣ ማባዛት ያስፈልጋል። ትልቁ ጠርሙስ በጠቅላላው 180 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይዟል፤ ትንሹ 1,500። ከስምንት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሁለቱንም የሞከረ አጫሽ ግን «ይሄኛው ለስለስ ይላል» ብሎ የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ትንሹን ነው።

ትንሹ ጠርሙስ ሶልት ኒክ የሚሉት ነው። የኒኮቲን ጨው ማለት ነው፤ ከወጥ ጨው ጋር ግን ዝምድና የለውም። ሲጋራ አጭሶ የማያውቅ ሰው የሚከተለውን ለእውቀት ያንብበው እንጂ ለግዢ አያንብበው። ነገሩ የሚጠቅም ከሆነ የሚጠቅመው ከሲጋራ ለመላቀቅ ለሚታገል አዋቂ ነው።

ኒኮቲን በትምባሆ ቅጠል ውስጥ ሳለ ብቻውን አይቀመጥም፤ ከቅጠሉ አሲዶች ጋር ተጣምሮ ነው የሚገኘው። መጀመሪያ የወጡት የቬፕ ጁሶች ግን ኒኮቲኑን ከአሲዱ አላቅቀው፣ ነጻውን ነበር የሚያስገቡት። ነጻ ኒኮቲን በኬሚስትሪው ቤዝ ነው። ሲሞቅ በቀላሉ ይተናል፤ ከጁሱ ጠብታ አምልጦ አፍና ጉሮሮ ላይ ያርፋል፤ እዚያ ያሉትን ነርቮች ይቆነጥጣል። 3 ወይም 6 ሚሊ ግራም ሲሆን ቁንጥጫው ይቻላል፤ እንዲያውም ሲጋራ የለመደ ጉሮሮ ይፈልገዋል። 18 ሲደርስ ብዙውን ሰው ያስለዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን የሚደፍረው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አሲድ ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። በብዛት የሚጨመረው ቤንዞይክ አሲድ ነው፤ ዘመዱ የሆነው ሶዲየም ቤንዞኤት ለስላሳ መጠጦች እንዳይበላሹ የሚገባው ነው። አሲዱ ለኒኮቲኑ ፕሮቶን ይሰጠዋል። ፕሮቶን የያዘ ኒኮቲን ደግሞ እንደ ነጻው በቀላሉ አይተንም፤ ጠብታው ውስጥ ተቀምጦ፣ ጉሮሮን ሳይቆነጥጥ አልፎ፣ እስከ ሳንባ ጥልቅ ይወርዳል። ሳንባ ሰፊ ነው፤ ፈሳሹም አሲድ ስላልሆነ ኒኮቲኑ ከፊሉ እዚያ ሲደርስ መልሶ ነጻ ይሆናል፤ ወደ ደም ይገባል፤ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ሲጋራን ሲጋራ ያደረገው ይህ ፍጥነት ነው። የድሮዎቹ ጁሶች ቀርፋፋ ስለነበሩ ብዙ አጫሽ «ይሄ ምኑም አይደል» ብሎ ወደ ፓኬቱ ይመለስ ነበር።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን በዛሬ መልኩ ያስጀመረው ቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ ሆን ሊክ ነው፣ በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ደቡብ አፍሪካ ከ2008 ጀምሮ ትዊስፕ የተባለ የራሷ ብራንድ ነበራት። የኒኮቲን ጨውን ከላቦራቶሪ አውጥቶ ገበያ ላይ ያፈነዳው ግን በ2015 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የወጣው ጁል ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 59 ሚሊ ግራም ገደማ ኒኮቲን ይዞ መጣ። የማርልቦሮ ባለቤት አልትሪያ በ2018 መጨረሻ ከኩባንያው 35 በመቶውን በ12.8 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ የአሜሪካ ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸው ክፍል ውስጥ ተደብቀው እንደሚስቡ እያወቁ ነበር። ሁለቱም የአንድ ግኝት ውጤት ናቸው፤ ጉሮሮ ካልተቆጣ የሠላሳ ዓመት አጫሽም ይለምደዋል፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅም ይለምደዋል።

አረቄ የሚጠጣ ሰው በትንሽ መለኪያ የሚጠጣው ስለሚያቃጥለው ነው፤ ጣፋጭ ጠጅ ግን ብርሌው ስንት ጊዜ እንደተሞላ የሚታወቀው ለመነሣት ሲሞከር ነው። በሶልት ኒክም «በቃ» የሚለው ጉሮሮ ዝም ብሏል። የሱን ሥራ የሚሠራው ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን የማያነብ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የሚስበው።

ቁጥሩ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ መሣሪያውም አለ። ፖድ የሚባለውን ትንሹን ቬፕ ጠረጴዛ ላይ ፈትተን እንየው። ከታች ያለው ባትሪ ነው። ከላይ የሚነቀል፣ ጁስ የሚሞላበት ፕላስቲክ አለ፤ ፖዱ ራሱ እሱ ነው። ገልብጠው ወደ ብርሃን ቢይዙት መሀሉ ላይ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ቱቦ ይታያል፤ ኮይል ይሉታል። ቱቦው ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት ተጠቅልሏል፤ ብረቱን ነጭ ጥጥ ከቦታል፤ በቱቦው ጎን ጁስ ወደ ጥጡ የሚገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ሰው ሲስብ ባትሪው ብረቱን ያግለዋል፤ ጥጡ የጠጣው ጁስ ይተናል፤ ወዲያው ቀዝቀዝ ሲል ደቃቅ ጠብታ ይሆናል። «ጢስ» የምንለው ይህን ጠብታ ነው። የተቃጠለ ቅጠል ስለሌለ የሲጋራው ቅጥራንና ካርቦን ሞኖክሳይድ አብረው አይመጡም። ከሲጋራ ጉዳቱ ያንሳል የሚባለው በዚህ ነው፤ ያንሳል ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። አየር ብቻ መሳብ ነው የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት እቃውን አያውቀውም ማለት ነው።

ፖዱ የሚሠራው በ10 እና በ20 ዋት መካከል ባለ ጉልበት ነው፤ የኮይሉ ሬዚስታንስ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 1.2 ኦም ነው። በእጅ የሚከብደው፣ ደመና የሚያወጣው ትልቁ ቬፕ ግን ከግማሽ ኦም በታች በሆነ ኮይል 60 ወይም 80 ዋት ይጠቀማል። አንድ ሳብ የሚያተነው ጁስ ከፖዱ ብዙ እጥፍ ነው። ለዚህ ነው የትልቁ ጁስ 3 ሚሊ ግራም የሆነው፤ ጢሱ ብዙ፣ ኒኮቲኑ ጥቂት። ሶልት ኒክ ተቃራኒው ነው፤ ጢሱ ጥቂት፣ ኒኮቲኑ ብዙ። አንዱን በአንዱ ቦታ መጠቀም ነው አደጋው።

ጄፒ ላይ የሆነ ነው። ሎኬሽን (ታውንሺፕ) ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ጠጉሩ የሸበተ የሆሳዕና ሰው እቃ ሊጭን መጥቶ፣ በወንድሙ ልጅ ትልቅ ቬፕ ሲጋራውን ሊተው ቆርጧል። ባንኮኒው ጋ ያለውን ወጣት ጠየቀው።

«ልጄ፣ ጉሮሮ የማይነካው የትኛው ነው?»

«ይሄ ነው ጋሼ። በጣም ለስላሳ ነው፤ ሁሉም የሚወስደው እሱን ነው።»

ወጣቱ አልዋሸም። ግን መሣሪያውን አልጠየቀም፤ ሰውየውም አላሳየም። ባለ 50ውን ጁስ ትልቁ ቬፕ ውስጥ ሞልቶ፣ ሲጋራ እንደሚስብ አድርጎ ሦስት አራቴ ሳበው። ጉሮሮው ደስ አለው። ትንሽ ቆይቶ ላብ ላብ አለው፤ አፉን ምራቅ ሞላው፤ ፊቱ ገረጣ፤ የታሰረ ብርድ ልብስ ላይ ቁጭ ብሎ «ሆዴ ተገለበጠ» አለ። ውኃ ሰጡት፤ በር ላይ አየር እንዲያገኝ አወጡት፤ ካስመለሰው በኋላ ሰዓት ሳይሞላ ተሻለው። ኒኮቲን ከመጠን ሲያልፍ እንዲህ ያደርጋል፤ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ የልብ መምታት። ማስታወኩ ካላቆመ፣ ሰውየው ራሱን ከሳተ ወይም ልቡ ከተዛባ ግን የሐኪም ቤት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ከጁሱ በፊት መሣሪያው ይመረጣል፤ ለሶልት ኒክ ትንሿ፣ ጉልበቷ ዝቅተኛ የሆነችው ፖድ። ቀጥሎ ጠርሙሱ ላይ ፒጂ እና ቪጂ የሚባሉትን ፊደሎች ማየት ነው። ፒጂ ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ ጣዕም ይሸከማል። ቪጂ ግሊሰሪን ነው፤ ወፍራም ነው፤ ጢሱን ያበዛል። የፖድ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ ወፍራም ጁስ በሰዓቱ አይደርስላቸውም፤ ግማሽ በግማሽ የሆነው ይስማማቸዋል። 70 በመቶ ቪጂ ያለውን የከተተ ሰው ጥጡ ይደርቅበትና የተቃጠለ ጣዕም ይስባል። ያ ጣዕም ሲመጣ ማቆም እንጂ መታገል አያስፈልግም፤ የደረቀ ጥጥና ከመጠን በላይ የጋለ ጁስ እንደ ፎርማልዴሃይድ ያሉ የሚጎዱ ነገሮችን ይፈጥራል።

ጥንካሬውን በተመለከተ ሻጮች የሚጠይቁት «በቀን ስንት ታጨሳለህ?» ብለው ነው። መጥፎ ጥያቄ አይደለም፤ የተሻለ ግን አለ። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ኦሎቭ ፋገርስትሮም ባዘጋጀው የሱስ መለኪያ ላይ ትልቁን ክብደት ከያዙት ጥያቄዎች አንዱ፣ ከእንቅልፍ ከተነሡ በኋላ የመጀመሪያዋ ሲጋራ በስንት ደቂቃ ትለኮሳለች የሚለው ነው። በ5 ደቂቃ ውስጥ፣ ፊት ሳይታጠቡ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ጽኑ ነው። ከቁርስ በኋላ፣ ሰዓት ቆይቶ የሚለኩስ ሰው በቀን አሥር ቢያጨስም ሌላ ሰው ነው።

ለሁለተኛው 20 ሚሊ ግራም ከበቂ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በ10 መጀመር ይችላል። ለመጀመሪያውም ቢሆን እኔ ከ20 ነው የምጀምረው፤ ሐራራው ካልበረደ ነው ወደ 30 ወይም 35 የሚኬደው። የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው ጣሪያ 20 ነው፤ እዚያ ያሉ አጫሾች በዚሁ ሲጋራ ይተዋሉ። 50ውን የመጀመሪያ ምርጫ ያደረገው የሱስ ሳይንስ አይደለም፣ ገበያው ነው። አንዳንድ እቃ ላይ ደግሞ በሚሊ ግራም ፈንታ በመቶኛ ይጻፋል፤ 2 በመቶ ማለት 20፣ 5 በመቶ ማለት 50 ነው። «5» የሚለውን አይቶ ከ«20» ያንሳል ብሎ የገዛ ሰው ብዙ ነው።

የደቡብ አፍሪካ ቀረጥም ሳያስበው ወደ ጠንካራው ይገፋል። መንግሥት ከ2023 ሰኔ 1 ጀምሮ በቬፕ ጁስ ላይ በሚሊ ሊትር 2 ራንድ ከ90 ሳንቲም ኤክሳይስ ጣለ፤ በ2024 ወደ 3 ራንድ ከ4 ሳንቲም ከፍ አደረገው። ቀረጡ የሚቆጥረው ፈሳሹን ነው፤ ኒኮቲኑን አይቆጥርም። ወደ ሁለቱ ጠርሙሶቻችን እንመለስ። ባለ 3 ሚሊ ግራሙ 60 ሚሊ ሊትር በ2024ቱ ልክ 182 ራንድ ከ40 ሳንቲም ይከፍላል። ስምንት እጥፍ ኒኮቲን የያዘው ትንሹ 91 ራንድ ከ20። ኪሱን የሚያስብ ሰው የትኛውን እንደሚያነሣ ግልጽ ነው። በፈሳሹ ልክ የሚቀረጥ ሱስ በአነስተኛ ፈሳሽ ብዙ ኒኮቲን የሚያጭቀውን ነጋዴ ነው የሚሸልመው።

አሁን አሞላሉ። አዲስ ኮይል ሲገባ ጁሱ ተሞልቶ አምስት፣ ከተቻለም አሥር ደቂቃ መቀመጥ አለበት፤ ጥጡ ይጠጣ። ሳይጠጣ የተሳበበት ኮይል አንዴ ከተቃጠለ አይድንም፤ መጣል ብቻ ነው። በጣም ጣፋጭ የሆኑት ጁሶች ደግሞ ማጣፈጫቸው ብረቱ ላይ እየጠቆረ ስለሚጋገር ኮይሉን ቶሎ ይገድሉታል፤ የከረሜላ ጣዕም የወደደ ሰው በኮይል ዋጋ ይከፍለዋል።

የጆሃንስበርግ የራሷ ጣጣም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደርባን ላይ ፖዱን ሞልቶ በመኪና ሽቅብ የመጣ ሰው ኪሱ ውስጥ ጁስ ፈስሶ ቢያገኘው ፖዱ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ፖዱ ውስጥ የታመቀው አየር የባሕር ዳር አየር ነው፤ የውጩ ግፊት ወደ ላይ ሲወጡ በአንድ አምስተኛ ገደማ ሲቀንስ፣ የውስጡ ይሰፋና ጁሱን በኮይሉ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። መፍትሔው መንገድ ላይ ፖዱን ባዶ ወይም እስከ አፉ ሙሉ አድርጎ መያዝ ነው፤ ለሚሰፋ አየር ቦታ የሌለው ፖድ አያፈስም። በሐምሌ ብርድ ደግሞ ጁሱ ይወፍራል፤ ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ፖድ ጠዋት እጅ ውስጥ ትንሽ ሞቅ ካላለ ጥጡ ደርቆ ይሳባል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን አሳሳቡ ነው። ሲጋራ መጨረሻ አለው፤ ተስቦ ያልቃል፣ ይጣላል፣ ፓኬቱ ውስጥ የቀረውም ይቆጠራል። ፖድ መጨረሻ የለውም። ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ደንበኛ ሲወጣ ሳብ፣ ስልክ ሲዘጋ ሳብ የሚያደርግ ሰው አመሻሹ ላይ ስንት እንደሳበ ቢጠይቁት አያውቅም። ኒኮቲን ከደም ውስጥ እኩሌታው የሚወጣው በሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ በየአምስት ደቂቃው የሚስብ ሰው ላይ እየተከማቸ ይሄዳል። ሦስት አራት ሳብ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ሐራራው በርዶ እንደሆነ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማየት ነው ያለው ዘዴ። ሳቡን መቁጠር አይቻልም፤ ጁሱን መቁጠር ግን ይቻላል። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ መጻፍ። 30 ሚሊ ሊትር ሦስት ሳምንት ይቆይለት የነበረ ሰው ጠርሙሱ በአሥር ቀን ካለቀበት፣ ሱሱ እንዳደገ ማስረጃው በእጁ ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ ማንም ሻጭ የማይነግረው ነገር አለ፤ ቡናው። የሲጋራ ጢስ ጉበትን ካፌይን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ ሳይሆን ከተቃጠለው ትምባሆ የሚወጡ ሌሎች ኬሚካሎች ናቸው። ሲጋራውን ትቶ ወደ ቬፕ የተሻገረ ሰው ጢሱ ስለቀረበት ጉበቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል። ሰውየው ግን አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም እንደ ድሮው ይጠጣል። ካፌይኑ ደሙ ውስጥ ይከርማል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ እንቅልፍ ይርቀዋል። ጥፋቱን ቬፑ ላይ ይጥልና ወደ ሲጋራው ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አቦሉ ላይ ማቆም ብዙ ነገር ያቃልላል። ለአእምሮ ሕመም ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚወስድ ሰው ላይ ይኸው ነገር በመድኃኒቱ ይደርሳል፤ ሲጋራ ከመተዉ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ጠርሙሱን ስንመርጥ የምንፈልገው ብዙ አይደለም፤ የኒኮቲኑ መጠን፣ የፒጂና የቪጂው ድርሻ፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ልጅ የማይከፍተው ክዳን። «ርካሽ ነው፣ ከትልቁ ጀሪካን ቀድተን ነው» የሚባለውን ምልክት አልባ ጠርሙስ መተው ነው። ዲስፖዘብል በሚባለው፣ ተስቦ ሲያልቅ በሚጣለው ቬፕ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሳብ ብዛት፣ ዘጠኝ ሺህ ይሁን አሥራ አምስት ሺህ፣ ለማሻሻጥ የተጻፈ ነው፤ ስንት ኒኮቲን እንዳለው አይነግርም። ቡናማ እየሆነ የመጣ ጁስ ኒኮቲኑ ከአየር ጋር ተዋህዶ ያረጀ ነው፤ ከፀሐይ ርቆ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያረዝመዋል። ዘይት ያለበት ማንኛውም ነገር ሳንባ ውስጥ አይግባ። አሜሪካ ውስጥ በ2019 የጀመረው የሳንባ ሕመም እስከ 2020 የካቲት 2,807 ሰው ለሆስፒታል ወይም ለሞት ሲዳርግ፣ የሞቱት 68 ነበሩ፤ ዋናው ተጠያቂ ሆኖ የተገኘው በካናቢስ ካርትሪጅ ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነው። ሶልት ኒኩ አልነበረም፤ ካልታወቀ ሰው የተገዛ ፈሳሽ መሳብ ምን እንደሚያመጣ ግን አሳይቷል።

ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ጁሱ የማንጎ ሽታ አለው፤ ጠርሙሱ ያሸበረቀ ነው። ውስጡ ያለው 1,500 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ለሕፃን ገዳይ ከሚሆነው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መድኃኒት የሚቆለፍበት ቦታ ይቆለፋል፤ ቡና ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ኒኮቲን በቆዳም ስለሚገባ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። ልጅ ከቀመሰው ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ የደቡብ አፍሪካ የመርዝ መረጃ መስመር 0861 555 777 ነው።

ሕጉ ከገበያው ኋላ ነው። በሥራ ላይ ያለው የትምባሆ መቆጣጠሪያ ሕግ የ1993 ነው፤ ያኔ ቬፕ አልነበረም፤ ስለ ጁስ ጥንካሬ ያስቀመጠው ጣሪያ የለም። ቬፕን ከሲጋራ ጋር አንድ ላይ የሚያስር ረቂቅ በ2022 ታኅሣሥ ለፓርላማ ቀርቦ፣ በ2024ቱ ምርጫ ምክንያት ወድቆ፣ በአዲሱ ፓርላማ እንደገና ተነሥቷል። በመደርደሪያ ላይ ማሳየትን መከልከል፣ ማሸጊያውን ያለ ጌጥ ማድረግ፣ በማሽን መሸጥን ማስቀረት ከያዛቸው ነገሮች ናቸው። ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ላላቸው የእኛ ሰዎች ይህ ቀላል ለውጥ አይሆንም። እስከዚያው ማንም ባያስገድድ እንኳ ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅ አለመሸጥ የባለሱቁ ፋንታ ነው። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ25,000 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠይቀው 17 በመቶ ገደማው ቬፕ እንደሚስብ አግኝተዋል። ከሚስቡት ውስጥ ግማሽ የሚጠጉት ከእንቅልፋቸው በተነሡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የሚስቡት። የፋገርስትሮምን ጥያቄ ያስታውሱ፤ እነዚህ ልጆች እየቀመሱ አይደለም።

ለአዋቂው አጫሽ ግን ማስረጃው ሌላ ያሳያል። በ2019 በእንግሊዝ የተደረገና በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ሲጋራ ለመተው የመጡ ሰዎችን ለሁለት ከፈለ፤ ለአንዱ ወገን ቬፕ፣ ለሌላው ማስቲካና ፓች የመሳሰሉትን ሰጠ። ከዓመት በኋላ ሲጋራ ያላጨሱት ከቬፑ ወገን 18 በመቶ፣ ከሌላው 9.9 በመቶ ሆኑ። በዚያው ወረቀት ላይ ብዙ ሰው የማይጠቅሰው ቁጥር አለ፤ በቬፕ ሲጋራ ከተዉት 80 በመቶው ዓመቱ ሲያልቅም ቬፑን እየሳቡ ነበር። ሲጋራው ሄደ፣ ኒኮቲኑ ቀረ። ቬፕም ሲጋራም አብሮ የሚያጨስ ደግሞ የሚያተርፈው የለም፤ ለጢሱ አንድም ቢሆን ቦታ ከሰጠ ጉዳቱ አብሮት ይኖራል።

ለመውረድ ቁጥሩን በየደረጃው መቀነስ ነው፤ ከ35 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 10፣ በየደረጃው አንድ ሁለት ወር ቆይቶ። እዚህ ላይ ሰውነት ያጭበረብራል፤ ጥንካሬው ሲቀንስ ሳቡን ያበዛል፤ ጁሱ በእጥፍ ያልቃል፤ ሰውየው ግን ቀንሻለሁ ብሎ ያስባል። ጠርሙሱ ላይ የጻፉት ቀን የሚያስፈልገው ለዚህ ጊዜ ነው። ጁሱ በፊት ከሚያልቅበት ቶሎ ካለቀ ወደ ታች ለመውረድ አይቸኩሉ፤ ባሉበት ይቆዩ።

ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት ሁለት ነገር ይወቅ። ቬፕ የሊቲየም ባትሪ ስላለው በጭነት ሻንጣ አይገባም፤ በእጅ ሻንጣ፣ ጠፍቶ ነው የሚያዘው፤ አውሮፕላን ውስጥ አይሳብም፣ ቻርጅም አይደረግም። ፖዱን ባዶ ማድረግ ይሻላል፤ ከደርባን ሽቅብ የሚያፈሰው ፖድ አየር ላይ ሲወጣም ያፈሳል። ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከልክሏል። ለዘመድ ስጦታ ብሎ አሥር ዲስፖዘብል ይዞ ቦሌ መውረድ በሕጉ ዓይን እቃ ማስገባት ነው፤ ለሐራራው የሚሆን ማስቲካ ወይም ፓች ከጆሃንስበርግ ፋርማሲ ገዝቶ መሄድ ይቀላል።